የሀብት ፍለጋ ጨዋታን ለመቆጣጠር በአሽዶድ የወጣ የቤተ ዘመድ አዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በአሽዶድ ከተማ በላኪሽ ፓርክ አንድ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰብ የልጁን ባር ሚጽቫ (የ13 ዓመት በዓል) ምክንያት በማድረግ ያዘጋጀው የሀብት ፍለጋ የአካባቢውን ጸጥታ ሊያደፈርስ ጥቂት እንደቀረው በሥፍራው በተገኘ አንድ ዩኒፎርም ለባሽ ስለተረጋገጠ፤ 13 ዓመት የሞላው ልጅ ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ ብሎ መታየቱ አሳሳቢ ሆኖ በመገኘቱ፤ መሰል ድርጊት ዳግመኛ እንዳይፈጸም መከላከል በማስፈለጉ፤ የአያቶች፣ የአጎቶችና የአክስቶች ጉባኤ በማግስቱ ዓርብ ማታ ከራት በኋላ ተሰብስቦ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ «ጎንብሶ የመፈለግ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም ቅር የሚለው የለም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ። «ሀብት» ማለት በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጠ ቸኮሌትና 100 ሼቄል ነው። «ፍንጭ» ማለት አያት ተናግረው አክስት በአማርኛ የጻፈችው ቁራጭ ወረቀት ሲሆን፣ ልጆቹ ፊደሉን ስለማያነቡ ግድ ወደ አያታቸው ተመልሰው እንዲጠይቁ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ሦስተኛው ፍንጭ «ከአምቦበር ስንወጣ ቀን ቀን ምን እናደርግ ነበር?» ይላል። መልሱ «እንደበቅ ነበር» ነው። አያቶቹ ከጎንደር መንደራቸው ከአምቦበር ወጥተው፣ ቀን ጫካ ውስጥ ተደብቀው፣ ሌሊት ሌሊት ተጉዘው ነው ሱዳን የገቡት፤ ከዚያም የ«ሙሴ ዘመቻ» አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ወደ እስራኤል አምጥተዋቸዋል። በየመንገዱና በየካምፑ የቀሩት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። «ተጠርጣሪ» ለሚለው ቃል ትርጓሜ አልተሰጠም፤ ሲያዩት ይታወቃል ተብሏል።

አንቀጽ 3፦ መታወቂያ። በፓርክ ውስጥ ጎንብሶ የሚፈልግ ማንኛውም ልጅ መታወቂያ ሲጠየቅ ያሳያል። በእስራኤል መታወቂያ የሚሰጠው 16 ዓመት ለሞላው ስለሆነ፣ የ13 ዓመቱ ልጅ መንግሥት ያልሰጠውን ወረቀት ለማሳየት ይገደዳል። ይህን ችግር ለማቃለል የሚከተሉት ልዩ ሁኔታዎች ተፈቅደዋል።

ሀ) ጠጉሩ ወርቃማ የሆነ ልጅ ቁጥቋጦ ሥር ቢገኝ ተፈጥሮ እያጠና እንደሆነ ይገመታል። ጥንዚዛ ከያዘ ይመሰገናል።

ለ) ፍለጋው በፋሲካ ሌሊት፣ ቤት ውስጥ፣ ለአፊኮማን የተደረገ ከሆነ ነጻ ነው። ቂጣ ደብቆ ልጆችን ማስፈለግ፣ ላገኘም ሽልማት መስጠት በዚህ አገር በየቤቱ ያለ ወግ ነው። የእነዚህ ልጆች አያቶች በጎንደር የሚያውቁት የፋሲካን በግ ማረድ ነበር፤ ልጆቹ መፈለግን የተማሩት እዚሁ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ነው። ተምረው ሲያበቁ ነው እንግዲህ ጥፋት የሆነባቸው።

ሐ) ባለ በዓሉ በመታወቂያ ፈንታ ኬኩን ሊያሳይ ይችላል፤ ስሙ በክሬም ተጽፎበታልና። ሆኖም ኬኩ ከተቆረጠ የአገልግሎት ዘመኑ አልፎበታል። በከፊል የተቆረጠ ኬክ የሚጸናው ቢያንስ ሦስት ፊደል ከቀረለት ነው። ክሬሙ በፀሐይ ቀልጦ ፊደሉ ከተዛነፈ ልጁ ስሙን እንደቀየረ ተቆጥሮ ተጨማሪ ጥያቄ ይቀርብለታል። ስም መቀየር ለዚህ ቤተሰብ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቱ በልጅነቷ መርካዝ ክሊታ (የስደተኞች መቀበያ ማዕከል) ስትገባ ዕብራይስጥ ስም ተለጥፎባታል፤ ያን ጊዜ የጠየቃት አልነበረም።

መ) አያት ቀርበው ሊመሰክሩ ይችላሉ። ነገር ግን «የኔ ልጅ፣ የልጅ ልጆቼ እኮ ናቸው፤ ምን አጠፉ?» ያሉት በአማርኛ ከሆነ አልተሰማም።

ሠ) የሠራዊቱን ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ከጥያቄ ነጻ ነው የሚል ሐረግ ተረቅቆ ነበር። ተሰርዟል። ቤተ እስራኤላዊው ወታደር ዳማስ ፓካዳ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ሆሎን ከተማ ላይ በፖሊሶች ሲደበደብ የለበሰው ያንኑ ልብስ ነበር። ካሜራ የቀረጸው ምስል ባይወጣ ማን ያምነው ነበር?

ረ) ይህ ንኡስ አንቀጽ ለቀልድ ተይዞ ነበር፤ ቀልዱ ግን አልመጣም። ልጁ በዚያው ሐሙስ ጠዋት ምኩራብ ቆሞ ኦሪት አንብቦ «ከእንግዲህ ለራስህ ኃላፊ ነህ» ተብሎ ተመርቋል። ከሰዓት በኋላ ኪስህን ገልብጥ ተባለ። ገለበጠ። የወጣው ጠዋት ዘመድ እልል እያለ የበተነበት ከረሜላ ነው። ዩኒፎርም ለባሹ ከረሜላውን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። አንድ በአንድ! ከዚያ «እሺ፣ ቀጥሉ» ብሎ ሄደ። ማን ይቀጥላል? አምስተኛውን ፍንጭ ያነሳ ልጅ የለም፤ ቆርቆሮውን ማታ አጎትየው ሄዶ አወጣው።

አንቀጽ 4፦ ሙዚቃ። ዝቅ ይበል።

አንቀጽ 5፦ ዝናብ። ከዘነበ ሳሎን ውስጥ።

አንቀጽ 6፦ ሳይረን። በአሽዶድ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ከጮኸ ወደ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 45 ሰከንድ ነው። ጠያቂም ተጠያቂም ተጋፍተው አንድ መጠለያ ይገባሉ። እዚያ ውስጥ መታወቂያ ተጠይቆ አያውቅም።

አንቀጽ 7፦ የቦታ መረጣ። ከላኪሽ ወንዝ ሳይርቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የግብፅ ጦር ግስጋሴ ወደተገታበት አድ ሃሎም ድልድይ መሄድ ይቻላል። እዚያ ለወደቁት የግብፅ ወታደሮች መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ለጠላት ወታደር ሐውልት ያልነፈገ ቦታ ለአንድ ብስኩት ቆርቆሮ ጥግ አያጣም።

አንቀጽ 8፦ የተሻሩ ደንቦች። «ኮፍያህን አውልቅ፤ እጅህን ከኪስህ አውጣ፤ ብዙ ሆናችሁ አትሂዱ፤ ሲጠሩህ አትሩጥ» የሚሉት የቤት ውስጥ ደንቦች እንዲሻሩ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እናቶቹ አልፈረሙም።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ከሚቀጥለው ባት ሚጽቫ (የሴት ልጅ በዓል) ጀምሮ ይጸናል። እስከዚያው ግን ጉባኤው ቀልዱን ትቶ ለወላጆች የሚያሳስበው አለ፦ «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት በተሳተፈበት አቤቱታ ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ፖሊስ ያለ በቂ ምክንያት ሰው አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ እንደማይችል ወስኗል። ውሳኔውን በዕብራይስጥ አትሙና ከፍንጮቹ ጋር ይዛችሁ ኑ።