የሚኒባስ ረዳት ባትሪ፦ ዓይነቱና አያያዙ

በመካነ ሰላም መናኸሪያ ተራ የሚጠብቅ ሚኒባስ፣ ዶልፊንም ይሁን አባዱላ፣ ሁለት ባትሪ አለው። ዋናው በጋቢናው ግድም የተቀመጠው ባለ 12 ቮልቱ ሲሆን መኪናው በተሸጠ ቁጥር «አዲስ ነው» የሚባልለት ነው። ረዳቱ የሚገኘው ከመኪናው ውጭ ነው። እዚህ የሚብራራው ረዳቱ ነው፤ ይሁንና ስለ ዋናው ጥቂት ካልተባለ የረዳቱ ክብር አይታይም።

ዋናው ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ብዙም አልራቀም። ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ሲሞላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ ወደ 12 ሲወርድ ግን አብዛኛው ጉልበቱ አልቋል። ብርድ አይወድም። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ባትሪው ይደነዝዛል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየር ተጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ስለሆነ ሞተሪኖው በደንብ ማዞር አለበት። ስለዚህ ባትሪው እጅግ የሚፈለግበትና እጅግ የሚደክምበት ሰዓት አንድ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ የደሴ ተሳፋሪ ጋቢውን ተከናንቦ ወንበር ከያዘ በኋላ።

ብርዱ ግን ብቻውን አይከሰስም። ዋናው በላተኛ ቴፑ ነው። የሾፌሩ ረዳት «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሲጣራ፣ ያ አንድ ሰው እስኪገኝ መንዙማው አልቆ ዘፈን ይጀመራል፣ ዘፈኑ አልቆ ዜና ይከፈታል፣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ስልካቸውን ይሰካሉ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ዲናሞውም አብሮ ተኝቷል። አንዱ ሰው ሲመጣ ባትሪው ሄዷል።

ረዳት ባትሪ በሦስት ይከፈላል፦ ቁልቁለት፣ ሰውና የሌላ መኪና።

ቁልቁለት ከሁሉም የላቀ ነው። አሲድ አይፈልግም፣ ቻርጅ አይደረግም፣ ሌባም አይፈታውም። ልምድ ያለው ሾፌር ማደሪያውን የሚመርጠው በመኝታው ሳይሆን በደጃፉ ተዳፋት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ቁልፉ ይከፈታል፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ መኪናው ሲንደረደር ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። አንደኛ ማርሽ ጎማውን ቀጥ ስለሚያደርገው አይመከርም። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ ከታች ዝም ብሎ ይቆማል። በብዙ የናፍጣ መኪኖች ፓምፑን የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪው ጭል ጭል እንኳ የማይል ከሆነ ቁልቁለቱም አያድነውም። ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬኑም መሪውም እንደሚደድሩ መታወቅ አለበት፤ ቁልቁለቱ የሚያልቀው ገበያ መሃል ከሆነ በተለይ።

ቁልቁለት ያለ ታኮ አይታሰብም። የእጅ ፍሬን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ዕቃ ነውና መኪናውን ሌሊቱን ሙሉ የሚይዘው ከጎማው ሥር የሚወሸቀው ድንጋይ ነው። የወሎ ደጋ ድንጋይ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ቀዝቅዞ ለዚህ ሥራ እስኪደርስ ብዙ ጠብቋል።

ታኮ በምንጩ ሲታይ የቤት፣ የሜዳና የውሰት አለው። የቤት ታኮ ከወንበር ሥር ተቀምጦ አብሮ የሚጓዝ ነው፤ ጎማው እያደር ልኩን ስላወጣለት አንድ ጎኑ ጎድጉዷል፣ ቀለሙም ወደ ጥቁር ቅባትነት ተለውጧል። ረዳት ቢቀየር እንኳ እሱ አይቀየርም። የሜዳ ታኮ ከመንገድ ዳር የሚነሳው ሲሆን የሚመረጠው በእግር ተረግጦ ነው። የውሰት ታኮ የሚባለው ከሰው አጥር ወይም ከእርከን የተነቀለው ነው፤ ባለቤቱ ጠዋት መጥቶ «አንተ ልጅ፣ አጥሬን ወዴት ልትወስደው ነው?» እስኪል ድረስ ያገለግላል።

በቅርጹ ደግሞ ድቡልቡል፣ ጠፍጣፋና ሾጣጣ ተብሎ ይከፈላል። ድቡልቡሉ መኪናው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ታማኝነቱ ባይካድም ጥቅም የለውም። ጠፍጣፋውን ጎማው ይወጣበታል። የሚፈለገው ሾጣጣው ነው፤ ሾጣጣውም ቢሆን የራሱ በሽታ አለው። ሌሊቱን የመኪናው ክብደት ስለሚያርፍበት ጠዋት ይጣበቃል። እንዲላቀቅ መኪናው ጥቂት ወደ ኋላ ማለት አለበት፤ ወደ ኋላ ለማለት ሞተር ያስፈልጋል፤ ሞተሩን ለማስነሳት ታኮው መውጣት አለበት። ይህን እንቆቅልሽ ረዳቱ በሁለተኛ ድንጋይ መትቶ ይፈታዋል። ሁለተኛው ድንጋይ የታኮ ታኮ ሊባል የሚገባው ራሱን የቻለ ዓይነት ነው፤ ከመጀመሪያው ያነሰ፣ ለእጅ የሚመች፣ ጣትንም የማይምር ነው። ታኮው ሲፈናጠር ረዳቱ ወደ ጎን ዘሎ፣ ሮጦ፣ የሚንደረደረውን መኪና በር ይይዛል። ታኮው የቤት ካልሆነ ሁለቱ ድንጋዮች መንገድ ላይ ይቀራሉ።

የማንሳቱ ግዴታ የማን እንደሆነ በቅጡ አልተለየም። ሾፌሩ የረዳቱ ሥራ ነው ይላል። ረዳቱ መኪናው ሄዷል ይላል፤ መኪናውም በእርግጥ ሄዷል። ማታ በጭለማ ከአቀስታ በኩል የሚመጣው ሌላ ሾፌር ድንጋዩን በካርተሩ ያገኘዋል፣ የባለቤቱንም እናት ያነሳል። ማግስቱን እሱም ከዳገት ላይ አቁሞ ያድራል፣ እሱም ሁለት ድንጋይ ትቶ ይሄዳል።

ሰው የተባለው ረዳት ባትሪ ሜዳ ላይ ይሠራል። በገፊ፣ በደጋፊና በአማካሪ ይመደባል፤ ገፊው ይገፋል፣ ደጋፊው እጁን መኪናው ላይ ያሳርፋል፣ አማካሪው ከኋላ ሆኖ «ሦስተኛ አስገባው!» ይላል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ ተማሪዎች ከዓይነቱ ብርቱዎቹ ናቸው፤ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ግን መመደቡን ያበላሹታል። ሞተሩ ሲነሳ ሾፌሩ እንዳይጠፋበት ስለሚፈራ አይቆምም፤ ስለዚህ ባትሪው ከመኪናው ኋላ ነጠላውን ሰብስቦ ይሮጣል። ከታሪፉ የሚቀነስ ነገር የለም።

ከሌላ መኪና በገመድ መዋስ ቀላሉና ጠብ የሚያመጣው ነው። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ይገናኛል፤ የመጨረሻው የኔጋቲቭ ጫፍ ከባትሪው ራቅ ብሎ የሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል፣ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ሊፈነዳ ይችላልና። የቤት መብራት ሽቦ አይበቃም፤ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ አዋሹም ገመዱን ነቅሎ ይሄዳል።

ዋናውን ባትሪ መንከባከብ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ሥራ ነው። ክዳን ያለው ከሆነ እርሳሱ እስኪሸፈን የተጣራ ውሃ ይጨመራል፤ አሲድ አይጨመርም። ራሱ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ ሲደርቅ ግራሶ ይቀባል። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኋላ ይመጣል። ባዶውን ብዙ ቀን የቆየ ባትሪ እርሳሱ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ቻርጅ አልቀበልም ይላል፤ ያኔ አዲስ ይገዛል። አዲሱ በተገዛ ሳምንት ቴፑ ላይ ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ ይጨመራል።