ዲስትሪክቱ እንዲወድዎት

ልጅዎ አሜሪካ ውስጥ በሕዝብ ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነና ከመምህሯ «ስለ ልጅዎ ልናነጋግርዎት እንፈልጋለን» የሚል መልእክት ከደረሰዎት አይደንግጡ። አሌክሳንድሪያም ይኑሩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑሩ፣ ይህን ምክር ከተከተሉ የትምህርት ዲስትሪክቱ እንደ እርስዎ የተመቸው ወላጅ አያገኝም።

ከሁሉ በፊት አይቸኩሉ። ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ማጣመር ካቃተው አያቱን ይጠይቁ። «አባቱም አፉን የፈታው በአምስት ዓመቱ ነው» ይሉዎታል፤ ምርመራው በዚሁ አለቀ። ጎረቤት ደግሞ «አማርኛና እንግሊዝኛ ተደባልቆበት ነው» ይላል። የንግግር ባለሙያዎች ሁለት ቋንቋ ልጅን እንደማያዘገይ ቢያስረዱዎትም እርስዎ ጎረቤትን ይመኑ፤ አማርኛውን ዛሬውኑ ያስተዉት። ከአያቱ ጋር የሚያወራበት ሲያጣ ቤቱም ጸጥ ይላል። በፌዴራሉ የልዩ ትምህርት ሕግ መሠረት ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ባለሙያ ቤት ድረስ ሊመጣ ይችላል፤ ከሦስት ዓመት ወዲያ ደግሞ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ባይገባ እንኳ፣ ኃላፊነቱ የዲስትሪክቱ ነው። ግን ሰው ሲገባ ሲወጣ የታየ እንደሆነ ምን ይባላል?

ምርመራ መጠየቅ ግድ ከሆነብዎት በቃል ይሁን። ጠዋት ልጁን ሲያደርሱ፣ መምህሯ ሕፃናቱን ለማሰለፍ ስትራወጥ፣ በሩ ላይ ጣል ያድርጉላት። ቀን ያለበት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ግን ነውር ነው፤ ሰው ያስጨንቃል። ዲስትሪክቱ እሺ ካለ የፈቃድ ፎርም ሊያስፈርምዎት፣ እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ሊሰጥዎት ይገደዳል። ከፈረሙ በኋላማ፣ ስቴቱ የራሱን ቀን ካልወሰነ በቀር፣ ምርመራው የሚያልቅበት 60 ቀን መቆጠር ይጀምራል። በር ላይ የተወራውን ግን ማን ያስታውሰዋል? (በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት አባቶች የሆነ ትምህርት ቢሮ ሳይሠሩ አልቀሩም።)

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልጅ የሚገባውን ይከለክላል እንዴ?» የሚል ክፉ ሐሳብ በልብዎ አይግባ። ቴክሳስን ይመልከቱ። የስቴቱ የትምህርት ኤጀንሲ ከ2004 ጀምሮ በአንድ ዲስትሪክት ልዩ ትምህርት የሚያገኙት ተማሪዎች ከ8.5 በመቶ እንዳይበልጡ የሚገፋ መለኪያ አውጥቶ ነበር። ስንት ልጅ እንደሚቸገር ልጆቹ ሳይወለዱ ማወቅ እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ሂውስተን ክሮኒክል የተባለ ነገረኛ ጋዜጣ በ2016 ጉዳዩን አደባባይ አወጣውና፣ በ2018 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ሕግ ተጥሷል አለ። ደግሞስ ዲስትሪክት ቢቆጥብ ምን ይፈረድበታል? ኮንግረስ በ1975 ሕጉን ሲያወጣ ለአንድ ተማሪ ከሚወጣው አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ብሎ ነበር፤ ያን ያህል ከፍሎ ግን አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ (አይ ኢ ፒ) ወደሚወጣበት ስብሰባ። ከጠረጴዛው ወዲያ የዲስትሪክቱ ተወካይ፣ መምህሯ፣ የልዩ ትምህርት መምህሩ፣ ሳይኮሎጂስቱና የንግግር ባለሙያዋ ተደርድረዋል። ከወዲህ እርስዎ ብቻዎን ነዎት። አስተርጓሚ ማምጣት፣ መክፈልም የዲስትሪክቱ ግዴታ ነው፤ እርስዎ ግን ማስቸገር ስለማይወዱ የአሥራ ሦስት ዓመት እህቱን ይዘው ይሂዱ። ሳይኮሎጂስቱ ግማሽ ሰዓት ሲናገር እሷ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል አሉ» ብላ ትገላግልዎታለች። ፈተናው በእንግሊዝኛ ብቻ መሰጠቱንም አይጠይቁ። ሕጉ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ ይፈተን፣ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻም አካል ጉዳተኛ አይባል ይላል፤ ይህን ካነሱ ግን ስብሰባው ይረዝማል፤ ሰዎቹም ምሳ አልበሉም።

የኛ ወላጆች እኮ ለመምህር ሲያስረክቡን «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» ነበር የሚሉት። በዚሁ ጨዋነት ይጽኑ፤ የተሰጠዎትን እስክሪብቶ ተቀብለው በታየዎት መስመር ሁሉ ይፈርሙ። ወረቀቱን ቤት ወስዶ ማንበብ ይቻል ነበር። ለምርመራ መፍቀድም ለአገልግሎት መፍቀድ አይደለም። ውጤቱ ካላሳመነዎት ደግሞ የውጭ ባለሙያ በዲስትሪክቱ ወጪ እንዲመረምረው መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ዲስትሪክቱ ወይ ይከፍላል፣ ወይ በገለልተኛ ዳኛ ፊት የኔ ምርመራ በቂ ነው ብሎ ይከራከራል። ይህ ሁሉ የዓይን አውጣ ሥራ ነው።

በየዓመቱ ዕቅዱ ሲታደስ የአምናው ግብ ቃል በቃል ተገልብጦ ቢመጣ ደስ ይበልዎት፤ አዲስ ነገር ለማንበብ አይደክሙም። ኮሎራዶ ውስጥ በዳግላስ ካውንቲ ኢንድሩ የሚባል ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነበር፤ ግቦቹ ከዓመት ዓመት ብዙም አልተለወጡም። ወላጆቹ ግን ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባቸውም፤ ልጁን የግል ትምህርት ቤት አስገብተው ዲስትሪክቱ ይክፈል አሉ። በየደረጃው ቢረቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። በ2017 ስምንቱም ዳኞች ዕቅዱ ልጁ እንደ ሁኔታው እንዲሻሻል የተሰላ መሆን አለበት አሉ፤ በዓመቱ ዲስትሪክቱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ለገና ካርድ የላከላቸው አይመስለኝም።