ተፈትቶ ይግባ

ከምርት የወጣ መኪና ያለው ናይሮቤ ኪሪንያጋ መንገድን እንደ ደብር ይሳለማታል፤ የእኛዋ የመለዋወጫ ሰፈር የሶማሌ ተራ ታላቅ እህት በሏት። የኬንያ ሕግ ከተመረተ ከ8 ዓመት ያለፈው ያገለገለ መኪና አገር እንዳይገባ ይከለክላል። መልካም ነው። ያው ሽማግሌ ግን ሞተሩ ለብቻ፣ ካምቢዮው ለብቻ፣ በሩ ለብቻ ተፈትቶ ከጃፓን በኮንቴይነር ሲመጣ «መለዋወጫ» ተብሎ ይከበራል። ዕድሜው የሚቆጠርበት ሙሉ ሰውነት ይዞ ከመጣ ብቻ ነው።

ስፖኪዮ የተሰረቀበት ደግሞ ብዙ አይደክምም፤ እዚያው ኪሪንያጋ የራሱን መልሶ ይገዛል። ጥንቁቁ ናይሮቤ የታርጋ ቁጥሩን በመስተዋቱ ላይ የሚያስቀርጸው ሌባ ለመከላከል ይመስላችኋል? ሲገዛ የሰው ዕቃ እንዳይወስድ ነው።

መኪናዎ ከምርት ከወጣ ስለ መለዋወጫ አይጨነቁ፤ ማታ የት እንደሚያቆሙት ይጨነቁ። እርስዎ የሚፈልጉትን ዕቃ ሌላውም ይፈልገዋል።