ቤሪልን ክርስትና ያነሣት ማን ነው?

የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ ላሊበላ ድረስ ልምጣ ቢል መንገዱ አይቀናውም። መጀመሪያ ሞቃት ባሕር ይፈልጋል፤ የውሃው ወለል 26 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰለት ከእንቅልፉ አይነሣም። እኛ ዘንድ ያለው ሞቃት ውሃ አክስቴ ማታ ማታ እግሯን የምትታጠብበት ብቻ ነው። ተነሣ እንበልና ደግሞ ከባሕር የወጣ ዕለት ስንቁ ያልቅበታል። አፋርን አቋርጦ፣ የወሎን ዳገት ቧጥጦ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ፈረንጅ ጎብኚ ቁጭ ብሎ ማለክለኩ አይቀርም። እሱንም ቢችለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ሆኖ ከበስተኋላ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ይህን ሁሉ እያወቅን በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን፣ እሑድ፣ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ካለው የአክስቴ ቤት ተሰብስበን ለአውሎ ነፋስ ስንዘጋጅ ዋልን።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ነው። ዕለቱ ልደተ ዮሐንስ ስለሆነ አክስቴ ቅዳሴ አስቀድሳ ገና ነጠላዋን አላጠፈችም። ኔትወርኩ ደግ ቀኑ ስለነበር ስልኩ ጠራ፤ እኔ ላውድ ስፒከር ላይ አድርጌ ያዝኩላት።

«እማ፣ አውሎ ነፋስ እየመጣብን ነው። ነገ ጠዋት ይገባል። ስሟ ቤሪል ይባላል።»

አክስቴ ጥቂት ዝም አለች። «ስም አላት?»

«አዎ፣ ለሁሉም ስም ይወጣላቸዋል። በፊደል ተራ ነው።»

«ክርስትና ያነሣቻት ማን ናት?»

ልጇ ሳቀ፤ ማስረዳቱ በእኔ ወደቀ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የሚባል አለ፣ ስሞቹ ቀድመው ተዘርዝረው ይቀመጣሉ፣ ተራው የደረሰው ነፋስ ስሙን ይወስዳል፣ ብዙ ጥፋት ያደረሰ እንደሆነ ግን ስሙ ሁለተኛ እንዳይነሣ ከመዝገብ ይሰረዛል አልኳት። (ቤሪልም ኋላ ተሰርዛለች።) አክስቴ ይህን የመጨረሻውን ወደደችው። «ይኼስ ደግ ሥርዓት ነው» አለች፤ «እኛ አገር ጥፋት ላደረሰው መንገድ ይሰየምለታል።»

የእኛ ዝናብ ስም የለውም፤ ቀን ነው ያለው። አክስቴ የላስታን የአየር ጠባይ ታሪክ በሙሉ በበዓላት ቆጥራ ትነግራችኋለች። ጎረቤቷን ባቄላ ያሳጣው የሥላሴ በረዶ፣ ዛፉን ከሁለት የከፈለው የአቦ መብረቅ፣ ዓመተ ምሕረቱን የማታስታውሰው ነገር ግን ከባሏ ጋር የተጣላችበት የሰኔ ሚካኤል ጎርፍ። ሰኔ 12 እዚህ የንጉሥ ላሊበላም በዓል ስለሆነ ንግሥ የወጣው ሕዝብ በሙሉ ለዚያ ጎርፍ ምስክሯ ነው። ለጠቡ ግን ምስክር የላትም።

«በል ንገረኝ፣ ምን ምን አሰናዳህ?» አለችው፤ ድምፅዋ የመርማሪ ሆነ።

«ውሃ ገዛሁ።»

«ዝናብ እየመጣ ውሃ ትገዛለህ?»

«ቧንቧው ከተቋረጠ ብዬ ነው እማ። የመታጠቢያ ገንዳውንም እስከ አፉ ሞላሁት።»

«ልትታጠብ?»

«አይ፣ ለመጸዳጃ ቤቱ መልቀቂያ።»

ይህ አልገባትም፤ አልፋው ሄደች። መስኮቱን በኮምፔርሳቶ መምታቱን፣ ባትሪና ቤንዚን ማስቀመጡን፣ ፓስፖርቱንና የቤቱን ወረቀት በፕላስቲክ መቋጠሩን ሲዘረዝር ግን ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። የቤቱ ወረቀት ላይ ሲደርስ «እኔም የመሬቴን ደብተር ከዕጣኑ ጋር አገልግል ውስጥ አኑሬዋለሁ» ብላ ደገፈችው። ሱቅ ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት ተሻምተው ጨረሱት ሲላት ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«የምትዘጋጁት ለነፋስ ነው ወይስ ለተቅማጥ?»

ከዚያ እሷ ትጠይቀው ጀመር። ቆሎ አለህ? የለኝም። በሶ? የለኝም። ሽሮ? ትንሽ አለ። ኩበት? «እማ፣ ሂዩስተን ኩበት ከየት ይመጣል?» አለ ልጁ። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ «ይኼ ልጅ ምንም አልተዘጋጀም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ በእሷ ሚዛን ከታየ ማንም አልተዘጋጀም። አሜሪካኖች አውሎ ነፋሱ ሊገባ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ሱቅ ይሮጣሉ፤ አክስቴ ግንቦት ሲጠባ ትጀምራለች። ኩበቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ከዚያ ዝናብ እንዳይነካው ከጣራው ጠርዝ ሥር ይከመራል። ክምሩ አከማመሩ ያላማረ እንደሆነ ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ በዚህ ጉዳይ የምትምረው ሰው የለም። ወንዝ ሞልቶ ወፍጮ ቤት መሄጃ ሳይታጣ እህል ይፈጫል። ለዘር የተለየው ነቀዝ እንዳይበላው ከምድጃው በላይ ጢስ ላይ ይሰቀላል። ጎታው እርጥበት እንዳይስብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ገሳው ወርዶ ይራገፋል፤ ውስጡ አይጥ ወልዳ ከተገኘች አይጧን መርገም፣ ድመቷን መውቀስ ይከተላል። ከቤቱ በላይ በኩል ያለው ቦይ ይጠረጋል፤ ይህ የኔ ሥራ ነው፤ በየዓመቱም ጥልቀቱ አንሷል ተብዬ በድጋሚ እቆፍረዋለሁ። ክዳኑ የሳሳበት ላይ አዲስ ሳር ይጨመራል። ቤቷ የጥንቱ የላስታ ቤት ነው፦ ክብ፣ ድንጋይ በጭቃ፣ ባለ ፎቅ፣ ከብት ከታች ሰው ከላይ። ነፋስ ቢጣላው የሚይዝበት ማዕዘን የለውም፤ ሲዞር ውሎ ይሄዳል።

የሬዲዮኑን ትንበያም ትሰማለች፤ ግን ለመከራከር ነው። «የዘንድሮ ክረምት ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድል አለው» ሲል «መደበኛ ማለት የማን ዓመት ነው?» ትለዋለች ሬዲዮኑን። ያለፉት ብዙ ዓመታት አማካይ ነው ብላት፣ የክፉውንና የደጉን ዓመት ደባልቀው በመካከል የሚያወጡት ዓመት እሷ ኖራበት አታውቅም፤ ወይ ይዘንባል ወይ ይቀራል።

የእኔ ቤት ከተማ ውስጥ ነው፣ ቆርቆሮ። ሥልጣኔ ነው ተብሎ የሳሩ ቤት ከፈረሰ ወዲህ ነፋስ በተነሣ ቁጥር አይኔ ጣራ ላይ ነው። እንደ ሰፈሩ ሁሉ ድንጋይ ጭኜበታለሁ። ጎረቤቴ ያረጀ የመኪና ጎማ ይሻላል ይላል፤ በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት ሌሊት ይታወቃል፤ የእሱ ጎማ ዝም ይላል፣ የኔ ድንጋይ ግን ነፋሱ ቆርቆሮውን በነቀነቀው ልክ እየተንከባለለ ልጆቹን ይቀሰቅሳል። ሚስማሩ የገባባቸው ቀዳዳዎች ደግሞ ያፈሳሉ። ሬንጅ ቀባሁ፤ ውሃው ሌላ ቦታ መረጠ። እንግዲህ ሐምሌና ነሐሴን ሳፋ፣ ድስትና የተቆረጠ ጀሪካን በየወለሉ ደርድረን፣ የትኛው እንደሞላ በድምፁ እየለየን ነው የምናሳልፈው።

አንድ ቀን ለአክስቴ ይህንኑ ስተክዝላት «ነአኩቶ ለአብም ያፈሳል እኮ» አለችኝ። እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የታነጸው ገደሉ ሥር ባለ ዋሻ ነው፤ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ በነበረው በንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ስም የሚጠራ ነው። ከዋሻው ጣራ ክረምት ከበጋ ውሃ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የተቦረቦሩ ድንጋዮች ይቀበሉታል፣ ሕዝቡም ጸበል ብሎ ይወስደዋል። ያን ሁሉ መቶ ዓመት ያፈሰሰ ጣራ ሬንጅ የቀባው የለም፣ ጎማ የጫነበትም የለም። እኔ በዚህ መጽናናት ስጀምር አክስቴ አቋረጠችኝ። «ያንተ ጠብታ ግን ጸበል አይደለም። ሂድና ቆርቆሮህን ምታ።»

የጣራ ነገር ከተነሣ በላሊበላ ከተማ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጥላ የሚበልጥ ክርክር የለም። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በ2000 ዓ.ም. የተጠናቀቁትን ትልልቅ የብረት ጥላዎች የማያውቅ የለም፤ ከእነ መድኃኔ ዓለም፣ ከእነ ማርያም፣ ከእነ አማኑኤል በላይ ቆመዋል። ዝናቡን ከልክለዋል። ነገር ግን ጊዜያዊ ተብለው የመጡ ናቸው፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሰው የሚያየው ድንጋዩን ሳይሆን ጥላውን ነው፤ ቢወድቅስ እያለ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ሕዝቡ ቅርሱን ታደጉልን ብሎ አደባባይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አዩት። እኔ ግን ከሁሉ የሚያስቀናኝ ጥላ የሌለው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። መስቀሉ የተቀረጸበት ጣራ ውሃ መውረጃው ከራሱ ከድንጋዩ የወጣ ነው፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያለው ቦይም ጎርፉን እዚሁ ላሊበላ ወዳለው ዮርዳኖስ ወንዝ ይሸኘዋል። ቤተ ጊዮርጊስ የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው ይባላል፤ የውሃን ነገር ጠንቅቆ ያወቀ ሰው እንደፈለፈለው አያጠራጥርም። ሌሊት መላእክት ያግዙት ነበር ይላሉ። የኔን ቆርቆሮ የመታው አናጢ ግን የሠራው ቀን ነው፣ ያውም ከምሳ በኋላ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አክስቴ ልቧ አላረፈም። «ይኼ ነፋስ እኛ አገር አይመጣም አይደል?» አለችኝ። አይመጣም ልላት ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ሲመጣ አይተናል፤ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ሳጋር የተባለው ሶማሌላንድ ገብቶ ዝናቡ እስከ ሶማሌ ክልል ደርሷል። ለላስታ ግን የሚከፋው ከሩቅ ሆኖ የሚሠራው ተንኮል ነው። ዱላ ሻንቆ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ከፈረንሳዊው ካምበርለን ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በደቡብ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ፣ በማዳጋስካር በኩል፣ አውሎ ነፋስ ተከታትሎ በተነሣበት ዓመት የእኛ በልግ ይሳሳል። ወደ እኛ ሊመጣ የነበረውን እርጥበት ወደ ራሱ ይስበዋል።

አክስቴ ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። በደጋው ያሉት ዘመዶቿ፣ ጊዳን ያሉት፣ ገብሳቸውን ከበልግ ነው የሚያገኙት። በሰባ ሰባት የሆነውን አይታለች፤ ስለሱ አታወራም።

«ታዲያ መጥቶ ያውቃል በለኛ» አለች። «እኛ ሰማይ ሰማይ ስናይ እሱ እዚያ ውሃችንን ይደፋል። ስሙን ማን አሉት?»

የዚያኛው ስም ብዙ ነው አልኳት፤ በየዓመቱ ይለያያል።

«ጻፍልኝ። ለስም ጠሪው እነግረዋለሁ።» ስም ጠሪ ያለችው የሰፈራችን የዕድር ጸሐፊ ነው፤ ለቅሶ የቀረ ሰው የሚቀጣ።

ቤሪል ሐምሌ 1 ቀን ሰኞ፣ በእኛ ሰዓት እኩለ ቀን አካባቢ፣ የቴክሳስን ጠረፍ ረገጠች። በዚያ ሰዓት ላስታ ላይ ለሰላምታ ያህል ብቻ ያካፋ ነበር። በሂዩስተንና በአካባቢዋ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ጠፋባቸው፤ ለብዙዎቹም ቶሎ አልመጣላቸውም። ልጁ ስልኩን መኪና ውስጥ ቻርጅ አድርጎ ደወለ። ቤቱ ደኅና ነው፣ ኮምፔርሳቶው ሠርቷል፤ ሙቀቱ ግን አይቻልም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ሥጋም ሊበላሽ ነው።

«ምን ያህል ሥጋ ነው?»

«ብዙ ነው እማ። አንድ ቅርጫ ይሆናል፤ ከጓደኞቼ ጋር ተካፍለን ነው።»

አክስቴ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች፤ ቢላዋ የምታቀብል እስኪመስል። «ዘልዝለው! አሁኑኑ ዘልዝለው። ጨውና በርበሬ እሸው፣ ገመድ ወጥር፣ ጥላ ቦታ ነፋስ በሚያገኘው ስቀለው። ነፋስማ ተርፏችሁ የለም?»

ጋራዡ ውስጥ ሰቀለው። ጎረቤቱ ሜክሲኳዊ መጥቶ አይቶ፣ የእነሱም አያቶች እንዲህ ያደርጉ ነበር ብሎ ሎሚ ጨምሩበት ብሎት ሄደ፤ አክስቴ በሎሚው አልተስማማችም። መብራቱ ሲመለስ ቋንጣው ደርሷል፤ ፍርፍር ሠርቼ በላሁ ብሎ ደወለ፤ ቤቱን ገዝቶ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ያለ ምግብ አልበላሁም አለ።

«መስኮቱን ከፈትክ?» አለችው።

«ከፈትኩ፤ ኮምፔርሳቶውን ነቅዬ ልጥለው ነው።»

«እንዳትጥለው!» አለች አክስቴ። «የሚመጣ ሰው ስታገኝ ቆርጠህ ላክልኝ። የዶሮዎቹ በር ሰባራ ነው።»