አንድ ዓይነት ይሁኑልን

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ባለው ሐበሻ መካከል ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ፈልጎ ለሚያመጣልኝ ክትፎ እጋብዛለሁ። አይገኝም። ፓርኪንግ ይሠራ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓለም «2000 ሲገባ ኮምፒውተር ሁሉ ሊያብድ ነው» ብሎ ሲርበተበት፣ የማታ ኮርስ ገብቶ ኤምሲኤስኢ የሚባለውን ሰርተፊኬት ይዞ ወጣ። ታክሲ ነጂው ኦራክል ተማረ። ያንን ያየ ወንድሙ ሲሲኤንኤ ወሰደ፣ የወንድሙ ሚስት ሴኪዩሪቲ ፕላስ፤ የሚስቲቱ እህት ደግሞ ከአገር ቤት በመጣች በዓመቷ ስክረም ማስተር ሆና አረፈችው። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ «ዋይፋዩ እንቢ አለኝ» ብትሉ የተቀመጠው ሁሉ ምክር ይሰጣችኋል፣ የሁሉም ምክር ይለያያል። ተነስቶ ራውተሩን የሚያይ ግን የለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ወድጄ አይደለም። አሌክሳንድሪያ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ይኑረው ተባለና ለምእመናን ጥሪ ተላለፈ። ከየመሥሪያ ቤቱ የተጣለው፣ ከየቤዝመንቱ አቧራ የጠጣው በየሰው ትራንክ እየተጫነ መጣ፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር፣ ስሙ የተላጠ፣ እንዲሁም ማንም ሊነካው ያልደፈረ አንድ ቆንጆ አይማክ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ዞር ዞር ብለው ከተመለከቱ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አዘዙ። «አንድ ዓይነት ይሁኑልን።» ማለትም የአማርኛው ኪቦርድ በሁሉም ላይ ይኑር፣ የፊደሉ ፎንት በሁሉም ላይ ይኑር፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል እንኳ አንድ ይሁን፣ ልጆች እንዳይጣሉ።

ነገሩ በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። አንዱን ኮምፒውተር አሰማምረህ ታዘጋጃለህ፣ ዲስኩን እንዳለ ገልብጠህ ሰርቨር ላይ ታስቀምጣለህ፣ ከዚያ በኔትወርክ ወደ ሌሎቹ ታወርዳለህ። የሙያው ሰዎች «ኢሜጅ ማድረግ» ይሉታል። በ1990ዎቹ ከኒው ዚላንድ የወጣው ጎስት ይህን ሥራ በፍሎፒ ሲሠራ ኖሮ በ1998 ሲማንቴክ ገዛው። ዛሬ በነጻ የሚሰጥ ሞልቷል። አንዱ የኮሚቴ አባል «ፎግ እንጠቀም» አለ፤ በ2007 የተጀመረ ደግ ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው «ክሎንዚላ እያለ!» አለ፤ ያ ደግሞ ከታይዋን ነው። ሦስተኛው «የማይክሮሶፍት የራሱ እያለ ምን አንከራተታችሁ?» አለ። አራተኛው ሻዩን እየማሰለ «ለምን ክላውድ ላይ አታደርጉትም?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው፤ ዓለም ኢንተርኔቱን ያከማቸበት አሽበርን ከዚህ ሩቅ አይደለም፣ እዚያ ሌሊት ሰርቨር የሚጠብቀው ማን እንደሆነም ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ገመድ የሚሰካ ሰው ሲፈለግ ባለ ሰርተፊኬቱ ሁሉ የጀርባ ሕመም አለበት። ሥራው ከሲልቨር ስፕሪንግ ለመጣሁት ለእኔ ተሰጠ።

ኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ ሳይሆን በኔትወርክ እንዲነሳ መጀመሪያ ቁልፍ መንካት አለብህ። ዴል ኤፍ12 ይላል፣ ኤችፒ ኤፍ9፣ አሱስ ኤፍ8፣ ኤምኤስአይ ኤፍ11። አንድ ሰከንድ ከዘገየህ ያመልጥህና እንደገና ማጥፋት ነው። ይህም ይሁን። ከዚያ ጥቁር ስክሪን ይመጣና በነጭ ጽሑፍ «ፒኤክስኢ ኢ53» ብሎ ይቆማል። ትርጉሙም «የማስነሻ ፋይል ስም አልደረሰኝም» ነው። ሌላ ማብራሪያ የለም፣ ምክንያት የለም። ስልክ ላይ «እደውላለሁ» ብሎ እንደሚዘጋ ዘመድ፣ ይኸው ነው። እኔ ይህን ኢ53 በሕልሜ አየዋለሁ።

ለማስረዳት ደለስ ኤርፖርት መሄድ አለብን። ዲስኩ ባዶ የሆነ ኮምፒውተር ማለት ዲቪ ደርሶት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ ጠዋት የወረደ ሰው ነው። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ ታትሟል፤ ኮምፒውተሩም ኔትወርክ ካርዱ ላይ የታተመ መለያ አለው። አድራሻ ግን የለውም። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ ማንንም ሳይለይ ይጣራል፦ «የሚቀበለኝ ማን አለ?» የሰማው ዘመድ «እኔ አለሁ፣ ይህችን አድራሻ ያዝ» ይላል። እንግዳው «እሺ፣ እሷኑ ልያዝ?» ይላል። ዘመድ «ያዝ» ይላል። በአራት ቃል ምልልስ ቤዝመንት ተገኘ፤ ዲኤችሲፒ ማለት ይኸው ነው። ግን አድራሻ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ዘመድየው «ነገ ጠዋት እገሌ ዘንድ ሂድ፣ እንዲህ ያለውን ወረቀት ስጡኝ በል» ብሎ ሊጨምርለት ይገባል። እገሌ ሰርቨሩ ነው፣ ወረቀቱ የፋይሉ ስም ነው።

ችግሩ ደለስ የመጡት ዘመዶች ሁለት ሲሆኑ ነው። የአሌክሳንድሪያው አጎት ቅርብ ስለሆነ ቀድሞ ደርሷል። የሲልቨር ስፕሪንጓ አክስት፣ ሥራውንም ያስጨረሰችው እሷ፣ ቤልትዌይ ላይ ተገትራ ቀርታለች። እንግዳው ማንን ይመርጣል? ቀድሞ አፉን የከፈተውን ነዋ! አጎትየው ሻንጣውን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ለአክስት የተላከውን ቅቤ ጭምር ጭኖ ይሄዳል። ቤዝመንት ይሰጠዋል፣ ጥሩ ቤዝመንት፣ መስኮት ያለው። ስለ ሥራ ግን ትንፍሽ አይልም፤ አያውቅማ። አክስት ደርሳ ባዶ ኤርፖርት ታገኛለች። ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። «ልጁን ነጠቀኝ» ይባላል። ቨርጂኒያ ለመኪና በየዓመቱ ታክስ ታስከፍላለች፣ ሜሪላንድ ኢንሹራንሷ እሳት ነው፣ እየተባለ የሁለቱ ስቴት ጉዳይ ይነሳል። ቅቤው ይነሳል። ልጁ አግብቶ ወልዶ እንኳ ክርስትናው ላይ አክስት በአንዱ ጥግ፣ አጎት በሌላው ጥግ ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌ ይገባል፣ አጎት ይቅርታ ይጠይቃል፣ ስለ ቅቤው ግን እስካሁን «አላየሁም» ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በስም አላውቅም፤ ያላወቀ ካለ ግን እሱ አዲስ ገቢ ነው።

ወደ ኮምፒውተሩ ልመለስ። አጎትየው የአዳራሹ ራውተር ነው። ቀድሞ መልስ ይሰጣል፣ አድራሻ ያድላል፣ የፋይል ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። ቢኖረውም የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ዲያቆን ነበር፣ እሱም ዴንቨር ገብቷል። መድኃኒቱ ፕሮክሲ ዲኤችሲፒ ይባላል፦ አድራሻ በማደል ማንንም የማይቀናቀን፣ ከጎን ቆሞ «ሥራህ እዚያ ነው» ብቻ የሚል ሁለተኛ ሰው። ገባ፤ ኢ53 ከግማሾቹ ላይ ጠፋ።

ግማሾቹ እንቢ ያሉት አሮጌዎቹ የሚነሱት በባዮስ፣ አዲሶቹ በዩኢኤፍአይ ስለሆነ ነው። ለአንዱ የሚሰጠው ፋይል ለሌላው አይዋጥለትም፤ ሴኪዩር ቡት የበራበት ደግሞ ፊርማ የሌለውን ወረቀት አያይም። ፋይሉን የሚያመላልሰው ቲኤፍቲፒ ራሱ በ1981 የተጻፈ ነው፣ ከብዙዎቻችን ስደት ይቀድማል፤ በ512 ባይት እየቆረሰ፣ ለእያንዳንዷ ቁራሽ «ደረሰኝ» እስኪባል እየጠበቀ ነው የሚያጎርሰው። ቀጥሎ ድራይቨር አለ። ከዴል የተወሰደው ኢሜጅ ኤችፒ ላይ ሲወርድ የኔትወርክ ካርዱን አያውቀውም፤ በኔትወርክ መጥቶ ኔትወርክ የለኝም ይላል።

በመጨረሻ ማልቲካስት ላይ ደረስን። ሰርቨሩ ኢሜጁን አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል፣ ሁሉም በአንድነት ይቀበላሉ፣ ፍጥነቱም በዘገምተኛው ልክ ይሆናል። ይህንን አጠገቤ ገመድ ለሚይዝልኝ ወጣት ሳስረዳው «ገባኝ፣ እኔ በፕላዝማ ነው የተማርኩት» አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀ ትምህርት ያስተምር የነበረውን ቴሌቪዥን ማለቱ ነው። ጎንደርም ጋምቤላም አንድ ትምህርት፣ በአንድ ደቂቃ። «ልዩነቱ ፕላዝማ ዘገምተኛውን አለመጠበቁ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፊዚክሱ አልቆ ሌላ ትምህርት ላይ ነው» አለና ገመዱን ሰካ።

እስከዚህ ድረስ እስቃለሁ። የማያስቀኝ የኮምፒውተሮቹ አመጣጥ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው በ2017 ከወጣው ከስምንተኛው ትውልድ በታች አይቀበልም። ስለዚህ አንድም ቀን ያልታመመ ማሽን በቀን ቆጠራ ሞተ ተባለ፣ መሥሪያ ቤቶችም አስከሬን መቅበሪያ ሲፈልጉ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አላቸው። ልግስና ነው አሉ! ሃርድ ዲስኩን ነቅለው፣ የመብራት ገመዱን አስቀርተው፣ ባዶ ሣጥን በር ላይ ጥለው ደረሰኝ ይጠይቃሉ። የኛም ሰው ባሰ። ገንዘብ ያልሆነ ስጦታ በድምሩ ከ500 ዶላር ካለፈ ለታክስ ቅጽ 8283 መሙላት ስለሚያስፈልግ፣ የማይነሳ ኮምፒውተር ሁሉ ዋጋው በተአምር 480 ይሆናል። በዚህ ላይ አንዱ ተነስቶ «የማይሠራውን በኮንቴይነር አድርገን አዲስ አበባ እንላከው፣ ለወገን ልጆች ይሁን» አለ፣ ተጨበጨበለት። አሜሪካ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ተሻግሮ ደሃ አገር ላይ እንዳይደፋ የሚገድበውን የ1989ኙን የባዝል ስምምነት ፈርማ እስከ ዛሬ አላጸደቀችም፤ መንግሥት ነው፣ ጥቅሙን ያውቃል እንበል። እኛስ? አንተ ልጅህን የማታስቀምጥበት ኮምፒውተር ላይ የእህትህ ልጅ ለምን ይቀመጥ? ባትሪው ሲያብጥ፣ ሞኒተሩ ሲሰበር የሚያቃጥለውና ጭሱን የሚጠጣው ማን ነው? ይህንን ተናግሬ አዳራሹ ዝም አለ፤ ሊቀመንበሩ «ልጄ፣ ሻይ ጠጣ» አሉኝ።

ሻዩን እየጠጣሁ ሳለ እንግዲህ አንዲት እናት በጋቢ የተጠቀለለ ኮምፒውተር ይዘው ገቡ። ሌሊቱን የአረጋውያን መጦሪያ ሲሠሩ አድረው ቀጥታ የመጡ ናቸው። ልጃቸው ኮሌጅ ሲገባ ጥሎት የሄደ ነው። ኪቦርዱ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተሸፍኖ በእስክሪብቶ ፊደል ተጽፎበታል፤ የ«መ» ፕላስተር ከብዙ መነካት ጠቁሯል፣ «ጰ» እንደተለጠፈች አዲስ ናት። የለጠፉት እሳቸው ናቸው፣ ልጁ ስምንት ዓመቱ ሳለ።

«እትዬ፣ ይህን ለልጆቹ እናዘጋጀዋለን» አልኳቸው።

«አዘጋጁት። ውስጡ ያለውን የሱን ፎቶ ግን እንዳትነኩብኝ።»

ኢሜጅ ሲወርድ ደግሞ ዲስኩ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ይህንን ማን ይንገራቸው? ኮምፒውተሩ ከአይማኩ ጎን ተቀመጠ፤ አንድ ዓይነት ከማይሆኑት መካከል።

ቀሪዎቹ ላይ ሥራው ሊያልቅ ሲል የስክሪኑ ሥዕል ጉዳይ ተነሳ። ላሊበላ ተባለ፣ ፋሲል ግቢ ተባለ፣ አንድ ሰው የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ፣ ስክረም ማስተሯ ድምፅ ይሰጥ አለች። ከዚያ አንዱ «ለምን ባንዲራ አናደርገውም?» አለ። ሌላው «የትኛውን?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ወዲያው ስብሰባውን በጸሎት ዘጉ።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፌንተን ስትሪት አካባቢ ይሁን ተብሏል፣ የቨርጂኒያዎቹ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ወንዙን ማን ይሻገራል እያሉ ነው። በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እሱ እንኳ ሲጨናነቅ አያድርስ ነው። እኔ በዊልሰን ድልድይ ነው የምመላለሰው፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው ይሉኛል፣ ደግሞ እኮ ለመርከብ መሐሉ ይከፈታል፣ አውራ ጎዳና ላይ መኪናህን አጥፍተህ ሸራ ያለው ጀልባ ሲያልፍ ትጠብቃለህ ይሉኛል። ሲከፈት አጋጥሞኝ አያውቅም። ራውተሩን በተመለከተ ዴንቨር ደውዬ ነበር፣ ዲያቆኑ «እደውላለሁ» ብሎኛል።