አመለኛ ግሶች በሽኩና ዳሌት

የዕብራይስጥ የትንቢት ጊዜ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። አማርኛ እ፣ ት፣ ይ፣ እን እያለ ግሱን ከፊት እንደሚለጉመው ሁሉ ዕብራይስጥም በአሌፍ፣ በታቭ፣ በዩድና በኑን ይለጉመዋል። «ቲክቶቭ» አንተ ትሁን እሷ አይለይም፤ «ብትጽፍ»ም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1984 በዘመቻ ሙሴ ወይም በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ እስራኤል መጥቶ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት የሚባል ሰፈር የከተመ ሰው ኡልፓን (የዕብራይስጥ ማስተማሪያ) ውስጥ እስከዚህ ድረስ ደረቱን ነፍቶ ይማራል።

ጣጣው የሚመጣው ከአመለኞቹ ጋር ነው። «ሀላኽ» (ሄደ) ሄውን ጥሎ «ኤሌኽ»፣ «ናታን» (ሰጠ) የፊተኛውን ኑን ጥሎ «ኤቴን» ይሆናል። እሺ፣ ለናታንስ ደንብ አለ። «ላካሕ» (ወሰደ) ግን ላሜዱን ጥሎ «ኤካሕ» ይላል። በላሜድ ከሚጀምሩት የዕብራይስጥ ግሶች ይህን የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው። «ላማድ» (ተማረ) ላሜዱን አንጠልጥሎ «ኤልማድ» ብሎ ያልፋል። የተማረው ፊደሉን ይዞ ሲሻገር የወሰደው ባዶ እጁን መቅረቱ ይገርማል። ሰዋስው አዋቂዎች «ላካሕ ከኑን ግሶች ጋር ተቆጥሮ ነው» ይላሉ፤ ማን እንደቆጠረው አይናገሩም። በግዕዝ «ለቅሐ» አበደረ፣ «ልቃሕ» ብድር ነው። እዚያ ለ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ከዚህ ሁሉ መገላገያው የአሁኑን ጊዜ ወስዶ «ማሐር» (ነገ) የምትል ቃል መቀጠል ነው፦ «አኒ ኖሳአት ማሐር» (ነገ እሄዳለሁ)። ዕብራይስጡ ትክክል ነው፤ አማርኛም በአንድ «እሄዳለሁ» ዛሬንም ነገንም ያስኬዳል። ታዲያ በመሥሪያ ቤቱ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ጸሐፊ እንዲህ ያሏትን፣ እናቷ የሚሆኑትን ሴት ምን ቤት ነኝ ብላ ታርማለች? ራሷ በዚያው ትንፋሽ «አኒ ያጊድ ላኽ» ትላለች፤ ቃል በቃል «እኔ ይነግርሻል» መሆኑ ነው። አገሬው ሲያጣምመው የመንደር አነጋገር፣ መጤው ሲያቃናው ስሕተት! ይህን ግፍ የሚያስተምር ኡልፓን የለም። ጨርሳ ስትሸኛቸውም «ኒትካሼር» (እንደውላለን) ትላለች። ይህ ግስ በመጽሐፍ ላይ አንዲት የሥር ፊደል የማይጥል ጨዋ ነው፤ ስልኩ ብቻ አይጮህም።

በእርግጥ ነገን በድፍረት መናገር ለማንም አይቀልም። የዳሌት ሽማግሌዎች «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ሳይሉ ትንቢት አይጀምሩም፤ ጎረቤቶቻቸውም «በኤዝራት ሀሼም» (በእግዚአብሔር እርዳታ) ይላሉ። ከአርጀንቲና የመጣ ጎረቤት ያለው ሰው ደግሞ ስፓኒሽ በጣለው ፊደል ቦታ ሌላ እንደሚተክል ይሰማል። «ሳሊር» (መውጣት) ኢን ነቅሎ በምትኳ ድ ይተክልና «ሳልድሬ» ይላል። «ቴኔር» (መያዝ)ም እንዲሁ «ቴንድሬ» ነው። ጅራቷ «ሬ» ላይ ያለችው ኤ ጥንት «አቤር» የተባለው ረዳት ግስ ነበረች፤ አለኝ እንደማለት ነው። አማርኛም «እሄዳለሁ» የሚለው «እሄድ» ላይ «አለሁ»ን ለጥፎ ነው።