ስላይድን መድረክ ላይ የማስቀረት ዘዴ

የመመረቂያ ጽሑፉን ሊከላከል የቆመ ተማሪ ፈታኞቹ ፊት ፓወር ፖይንቱ ቀጥ እንዲልበት ከፈለገ ከፎቶው ይጀምር። መስክ ወርዶ በስልኩ ያነሳቸውን ምስሎች ሳያሳንስ፣ እንዳሉ ወደ ስላይዱ ይጎትት፤ አንድ ገጽ ላይም ስድስቱን ይደርድር። እያንዳንዱ ፋይል 3 ወይም 4 ሜጋባይት ስለሆነ አያሳስበው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ በወርዱ 4000፣ በቁመቱ 3000 ነጥቦች አሉት። ዲስክ ላይ ትንሽ የሚመስለው በጄፔግ ተጨምቆ ስለተቀመጠ ነው። ሊታይ ሲከፈት ይፈታና እያንዳንዱ ነጥብ በተለመደው አሠራር 4 ባይት ሚሞሪ ይይዛል፤ 12 ሚሊዮን በ4 ሲባዛ 48 ሜጋባይት። ስድስቱ ፎቶዎች ለአንዲት ገጽ ብቻ 288 ሜጋባይት ሊጠይቁ ይችላሉ ማለት ነው። ፕሮጀክተሩ ደግሞ ፉል ኤችዲ ቢሆን እንኳ የሚያሳየው 1920 በ1080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ነው። የተረፈው ማሽኑን ያስጨንቃል እንጂ ለተመልካቹ አይደርስም።

ፓወር ፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ የተሠራው ለማኪንቶሽ ነበር፤ ሮበርት ጋስኪንስ የመራው ሥራ ሲሆን ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በጊዜው ገበያ ላይ የነበረው ማኪንቶሽ ፕላስ ይሸጥ የነበረው 1 ሜጋባይት ሚሞሪ ይዞ ነው። የዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ ሲፈታ የዚያን 48 እጥፍ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ፎቶውን ይከርክም፤ ከርክሞም ጉዳዩ አለቀ ይበል። ፓወር ፖይንት ግን የተከረከመውን ክፍል አይጥለውም፤ ፋይሉ ውስጥ ደብቆ ያኖረዋል። ጭነቱ እንዳለ ከመቅረቱም በላይ፣ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ፎቶው ጥግ ላይ የገባች እናት ፊቷ ከእይታ ወጣ ተብሎ ፋይሉ ሲላክ ተቀባዩ በሁለት ጠቅታ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ይህ ከሚሞሪም የከፋ ጥፋት ነው።

ከኤክሴል ሠንጠረዥ ሲወስድም ይኸው ነው። ስድስት መስመር ብቻ አሳያለሁ ብሎ ሠንጠረዡን በኢምቤድ ይለጥፍ። አብሮት የሚገባው ሙሉው የሥራ ደብተር ከነሁሉም ገጾቹ ነው። የመሥሪያ ቤት የበጀት ስላይድ የደረሰው ሰው ሠንጠረዡን ሁለቴ ጠቅ ሲያደርግ፣ ከሥሩ የሠራተኛው የደመወዝ ዝርዝር ካለ እሱንም ያገኘዋል።

በዚህ ሁሉ ላይ ብሮውዘሩን ከነሠላሳ ታቡ ክፍት ይተው፤ ቪዲዮም ይጨምርበት። ራሙ፣ ማለትም ሚሞሪው፣ 4 ጊጋባይት ከሆነ ሌላ ድካም አያስፈልገውም።

በቂ ሚሞሪ የለም የሚለው መልእክት ሲመጣ ደግሞ ፊልምና ሙዚቃ ማጥፋት ይጀምር። ብዙ ሰው ሚሞሪ ሲባል ትዝ የሚለው ዲስኩ ነውና። ሲ ድራይቩ ጢም ብሎ ሞልቶ ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው የሚጠቀምበትን መጠባበቂያ ቦታ ካላሳጣው በቀር፣ ከዲስክ ላይ ፊልም ማጥፋት የተጨናነቀን ራም አያቃልልም። እሱም ካልሠራ፣ በየጥገና ሱቁ የሚሰማውን ፍርድ ይቀበል፦ «ፎርማት ይደረግ!» የዓመት ልፋቱን ቅጂ ሳይዝ ፎርማት አስደርጎ ሲመለስ ያው ከባድ ፋይል ከፍላሹ ላይ ይጠብቀዋል፤ ሲከፍተውም ያው መልእክት ይመጣል።

ገንዘብ ያለው ራም ይግዛ፤ የኦፊሱን ዓይነት ግን አይመልከት። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ቢኖረው እንኳ ለራሱ ሊጠቀም የሚችለው በተለምዶ 2 ጊጋባይት፣ ቢበዛ 4 ነው። ባለ 64 ቢት ኦፊስ ከ2010 እትም ጀምሮ አለ። የትኛው እንደተጫነ ለማወቅ ፋይል፣ ከዚያ አካውንት፣ ከዚያ አባውት ፓወር ፖይንት የሚለውን መክፈት ይበቃል። ይህን ሳያዩ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝናል።

ስላይዱ እንዲሠራለት የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም ያስቀምጥ። ከዚያ ቅጂውን ወስዶ ከስሙ መጨረሻ ላይ ያለውን ፒፒቲኤክስ ወደ ዚፕ ይቀይርና ይክፈተው፤ ከኦፊስ 2007 ጀምሮ ፋይሉ በውስጡ ዚፕ ነው። ፒፒቲ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ሚዲያ የሚለውን ከፍቶ በመጠን ሲደረድራቸው፣ ከባዶቹ ምስሎችና ቪዲዮዎች ከላይ ቁጭ ብለው ይታዩታል። ወደ ዋናው ፋይል ተመልሶ አንዱን ምስል ይንካና ኮምፕረስ ፒክቸርስን ይምረጥ፤ ለዚህ ምስል ብቻ የሚለውን ምልክት ያንሳ፣ የተከረከመውን አጥፋ በሚለው ላይ ምልክት ያድርግ፣ 150 ፒፒአይን ይምረጥ። የሰፊው ስላይድ ወርድ 13.33 ኢንች ስለሆነ ይህ 2000 ነጥብ ያህል ይሰጠዋል፤ ለፉል ኤችዲ ፕሮጀክተር በቂ ነው። ኤክሴሉን በምስል መልክ ይለጥፈው።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ከመከላከያው ሳምንታት አስቀድመው ቢያሳዩ ከአንድ የላብ ሰዓት በላይ አይወስድባቸውም። ተማሪዎችም ስላይዳችሁን በዋዜማው፣ በሚቀርብበት ኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴ አሳልፉት፤ ፍላሻችሁ ላይም የፒዲኤፍ ቅጂ ይኑራችሁ።